አንድ ድስት የተፈጨ ሥጋ፣ ለጨጓራውም ለልጆቹም

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጨጓራ አለበት። ምንቸት አብሽ ነፍሱ ነው፤ ግን በበላበት ሌሊት ሲያቃጥለውና ሆዱን ሲነፋው ያድራል። በርበሬውን ትቼ አልጫ ብሠራለትም ያው ነው። ልጆቹ ደግሞ አልጫ አይነኩም። በየቀኑ ሁለት ወጥ መሥራት ሰለቸኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ ድካምሽ ገብቶኛል። በርበሬው ላይ ብቻ ነው የፈረድሽው። አልጫው ውስጥ የገባውን እስቲ ቁጠሪው፤ አምስት ስድስት ራስ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት በማንኪያ፣ ቅቤ በጭልፋ። ቅባት ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፣ ቃርም ያባብሳል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ደግሞ ፍሩክታን የሚባል ነገር አለ። አንጀት አይፈጨውም፣ እዚያው ይብላላና ብዙ ሰው ይነፋል። ሽንኩርቱን የቱንም ያህል ብታቁላዪው ወጡ ውስጥ ይቀራል።

አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ጮማው ተለቅሞ ይፈጭልሽ። ድስቱን ሳትጥጂ ሥጋውን በሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፤ በእጅሽ፣ ጓሉ እስኪጠፋ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ትኩስ ድስት ላይ የተጣለ ሥጋ ወዲያው ይጓጉልና በማማሰያ ብትደበድቢውም እንደ ጠጠር ይቀራል፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠው ግን ልል ሆኖ ነው የሚበስለው፣ ለመዋጥም ለሆድም ይቀላል። ከዚያ መካከለኛ እሳት ላይ ጥደሽ እያማሰልሽ አረፋውን ግፈፊው። ሁለት የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ፣ ጨው፣ የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ቅጠል ብቻ ጨምሪና በቀስታ 40 ደቂቃ ይንተክተክ። አብሹን ለጊዜው ተዪው።

ጣዕሙስ? ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሰንጥቀሽ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለስለስ ባለ እሳት አሙቂ። ወርቅማ ሲሆን ፍሬውን አውጥተሽ ጣዪው፣ ዘይቱን ወጡ ላይ አፍሺው። ፍሩክታን ውሃ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ ሽታው ይገባል፣ ጣጣው ይቀራል። ዘይቱን ግን የዚያኑ ዕለት ጨርሺው፤ ነጭ ሽንኩርት የነካው ዘይት ቢቀመጥ ሊመርዝ ይችላል።

ይሄው ነው መሠረቱ። ለባለቤትሽ ቀንሰሽ አውጪለት። እንጀራው ኮምጣጣ ሆኖ ካስቸገረው በሩዝ ወይም በተፈጨ ድንች ይብላ፤ ሌላ ቀን በማካሮኒ። ለልጆቹ በሌላ ድስት ትንሽ ቁሌት በበርበሬና በቅቤ ሠርተሽ የቀረውን ሥጋ ገልብጪበት። 15 ደቂቃ ነው። ሳምቡሳም ቢያምራቸው ሙሌቱ ዝግጁ ነው።

የተረፈውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ቶሎ ፍሪጅ አስገቢው፤ እስከ 3 ቀን ይቆያል፣ በረዶ ቤት ደግሞ እስከ 3 ወር። ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ሞራ በማንኪያ አንሺው። መብራት ከጠፋ በረዶ ቤቱን አትክፈቺው፤ ሙሉ ከሆነ ሁለት ቀን ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

እራቱን ከመተኛቱ 3 ሰዓት ቀድሞ ይብላ። ለራስ ምታት እያለ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚውጥ ከሆነም ለሐኪም ይንገር፣ ጨጓራ ይልጣሉ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ተመርምሮ ካላወቀ ይመርመር፤ እሱ በመድኃኒት እንጂ በወጥ አይድንም። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ያለ ምክንያት ከከሳ ግን ወጡን ተዪና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።