ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጉልበቴ ለጎንደር ጉዞ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ 48 ዓመቴ ነው፤ ባህር ዳር መምህርት ነኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር መንገዱ ሰላም ሲሆን በሦስት ቀን በብስክሌት ጎንደር ለመግባት ተነጋግረናል። ድሮ የምነዳው ከቤት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ልምምድ የጀመርን ቅዳሜ ግን 40 ኪሎ ሜትር ነዳን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ቀኝ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል፤ በተለይ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣና ደረጃ ስወርድ። እብጠት የለውም። ለልምምድ ስወጣ ቀድሜ ዲክሎ (ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ) እውጣለሁ፤ ሲብስብኝ መርፌውን እወጋለሁ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። እናቴ በጉልበቷ ምክንያት ቤት ውላለች። ለጉልበት የሚሆን ጥሩ ቫይታሚን ይንገሩኝ።

መልስ፦ ቫይታሚኑን ይተዉት፤ ገንዘብዎን አያባክኑ። የሚያስፈራዎት ሌላ ነገር ይመስለኛል። እንደ እናቴ ቤት ልቀር ነው ወይ ብለው ነው የሚጨነቁት።

አይቀሩም። የነገሩኝ ሕመም የጉልበት ሎሚ አካባቢ ያለ ጫና ነው፤ ያልለመደ ጉልበት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲሠራ እንዲህ ያማል። ካላበጠ፣ ካልቆለፈና ሲረግጡ ካልከዳዎት ራጅ እንኳ አላዝልዎትም። ብስክሌት ደግሞ የሰውነትን ክብደት መቀመጫው ስለሚሸከመው ከሩጫ ይልቅ ለጉልበት ይስማማል። ጉልበታቸው ያረጀ ሰዎችን ራሱ ቀስ ብለው እንዲነዱ እንመክራቸዋለን። ስለዚህ በዚህ በኩል ይረጋጉ።

በዲክሎው ግን አልረጋጋም። ሁለት ወር? ያውም ከኢናላፕሪል ጋር? መድኃኒቱን የሸጠልዎት ሰው ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ አልጠየቀዎትም፤ እርስዎም አልነገሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ላይ ሰዓታት ነድተው ውኃ ሲያጥርዎት ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ወደ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር ከፈት አድርጎ ይይዛል። ዲክሎ ይህን ሥራ ያግዳል። ኢናላፕሪል ደግሞ በመውጫ በኩል ያለውን ሥር ያሰፋል። መግቢያው ጠቦ መውጫው ሲሰፋ ኩላሊቱ የሚያጣራበት ግፊት ይወርዳል። በላዩ ላይ የሚያሸና የግፊት ክኒን ካለ የባሰ ነው። ክፋቱ ኩላሊት አያምም። ጉልበትዎ ደህና እየሆነ ሲመስልዎት ኩላሊትዎ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል። ዲክሎ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል፤ ማለትም ጠዋት የዋጡትን ኢናላፕሪል ሥራ ያበላሻል፣ ለልብም አይበጅም።

«መርፌው ለጨጓራ ይሻላል» የሚባለውን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደምሰማው! አይሻልም። ክኒኑም መርፌውም ደም ውስጥ ገብቶ ነው የጨጓራን መከላከያ የሚያዳክመው፤ በመርፌ መግባቱ ጨጓራውን አያተርፈውም። ከወተት ጋር መዋጡም ኩላሊትን አያድንም። በጾም ሰሞን በባዶ ሆድ ውጠው ለልምምድ የሚወጡ ሰዎችም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትውከትዎ የቡና አተላ ከመሰለ፣ ሽንትዎ ከቀነሰ ወይም ፊትዎና እግርዎ ካበጠ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ፤ እስከ ነገ አይጠብቁ።

ሕመምን ቀድሞ ማደንዘዝ ሌላም ጉዳት አለው። ጉልበቱ «በቃኝ» ሲል አይሰሙትም። ዲክሎ ውጠው ልምምዱን የጨረሱት ጉልበትዎ ችሎ እንዳይመስልዎት።

ስለዚህ ዲክሎውን ዛሬ ያቁሙ። ኢናላፕሪሉን እንዳያቆሙ! ለሕመሙ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ይያዙበት፤ ካስፈለገ ፓራሲታሞል በልኩ።

ቀጥሎ የብስክሌቱን መቀመጫ ይዩ። ባህር ዳር ውስጥ ብዙ ሰው እግሩ መሬት እንዲደርስለት ብሎ ዝቅ አድርጎ ይነዳል፤ ጉልበቱ በጣም ታጥፎ ይገፋል፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል። መቀመጫው ላይ ሆነው ተረከዝዎን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ያድርጉ፤ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሚረግጡ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ እሱ ነው። ማርሽ ካለው ዳገት ላይ ቀላሉን አስገብተው ቶሎ ቶሎ ያሽከርክሩ። ከሌለው ወርደው ይግፉ፤ ነውር የለውም።

ልምምዱን ከ20 ኪሎ ሜትር እንደገና ይጀምሩ። በየሳምንቱ ከአሥር በመቶ ብዙም አያስበልጡ፤ በአራተኛው ሳምንት ቀነስ አድርገው ይረፉ። ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሦስት ቀን ሲካፈል በቀን 60። ስለዚህ ሦስት፣ አራት ወር ይፈልጋሉ። ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ቀን ነው፤ በደከመ እግር መነሳትን ለመልመድ ወደ መጨረሻው ላይ ቅዳሜም እሑድም ይንዱ። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ግን ዳገቱ ስለሚጀምር ቤዛዊትን አይሽሹት። ከፊት ያሉትን ወጣቶች ለመድረስ ብለው ግን አይግፉ፤ ቡድኑ በደካማው ፍጥነት ይሂድ፣ እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። መለስተኛ ሕመም ተሰምቶዎት በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ይቀጥሉ። ካደረ ግን ቀጣዩን ልምምድ ይቀንሱ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ በሙሉ ይያዙ፤ መርፌውንም ይናገሩ። ግፊትዎን ያስለኩ፤ የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ምርመራ ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪመጣ ብስክሌቱ ይቁም።