«ልጅ ይለምደዋል» ላሉሽ፣ እኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የአራት አመት ልጅሽ ከዋና መንገድ ዳር ባለ ቤት መኪናው ክላክሱ እየጮኸ ይተኛል፣ ቤተሰብ ደሞ «ተይው ለምዶታል» ይልሻል፣ አንቺ ግን ልብሽ አላርፍ ብሎ ይጎዳዋል ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት፣ ቤት ልቀይር ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አላካበድሽም። ሀኪም አይደለሁም ግን በቤቴ ስላየሁት ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው፣ ታገሺኝ።

እኛም የኖርንበት ቤት ፊት ለፊቱ የከባድ መኪና መንገድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እኔና ባለቤቴ እንቅልፍ የሚባል አልነበረንም ከዛ ሁለት ወር ሳይሞላን በቃ መስማት አቆምን፣ እንግዳ መጥቶ «እንዴት ነው እዚህ የምትኖሩት» ሲለን ይገርመን ነበር። ልጄ ደሞ እዛው ነው የተወለደችው፣ ጸጥታ ምን እንደሆነ ራሱ አታውቅም።

ሶስት አመት ተኩል አካባቢ ስጠራት አለመስማት ጀመረች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሶስቴ ጠርቻት ትከሻዋን ስነካት ነው የምትዞረው። እልኸኛ ሆና መስሎኝ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ መሰለሽ (አሁን ሳስበው ያመኛል)። ቃላትም ታምታታ ነበር፣ ስእል እያሳየኋት «ቀበሮዋ የታለች» ስላት ከበሮውን ትጠቁመኛለች። እኛ ስቀን አለፍነው። አማቴ ናት «ይቺ ልጅ ጆሮዋን አሳዩዋት» ያለችው፣ ጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ሀኪም ጋ ወሰድናት፣ የመስማት ምርመራ ተደረገላት፣ ጆሮዋ ንጹህ። እፎይ ብዬ ልወጣ ስል ሀኪሟ «ቤታችሁ ጫጫታ አለው? ቲቪ ስንት ሰአት ይከፈታል?» አለችኝ። ቲቪ? እኛ ቤት ቲቪ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፣ ደሞ የመንገዱን ድምጽ እንዲበልጥ ከፍ አርገን ነው የምንከፍተው፣ ከዛ እኛ ቲቪውን ለመብለጥ እየጮህን እናወራለን። ለካ መንገዱ ላይ ሌላ መንገድ ጨምረንበት ነበር።

ያስረዳችኝ ነገር እስከዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ጆሮ እንደ አይን አይከደንም፣ ስለዚ ሁሌ ጫጫታ ውስጥ ያለ ልጅ በጭንቅላቱ መዝጋትን ይማራል፣ ችግሩ ሲዘጋ መኪናውን ብቻ አይደለም የሚዘጋው፣ የሰው ንግግርንም አብሮ ነው። እኛ ትልልቆቹ ግማሹ ቃል በድምጽ ቢዋጥብንም ቋንቋውን ስለምናውቀው እንሞላዋለን፣ ልጅ ግን ቃሉን ገና እየተማረው ነው፣ ከምን ይሙላው? በኋላ ሳነብ ኒውዮርክ ውስጥ ከፈጣን መንገድ በላይ በተሰሩ ባለ 32 ፎቅ ህንጻዎች የሚኖሩ ልጆች ላይ በ1973 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) የወጣ ጥናት አገኘሁ፣ ታች ለመንገዱ የቀረቡት ልጆች የሚመሳሰሉ ቃላትን መለየትና ማንበብ ላይ ላይኛው ፎቅ ካሉት ይብሱ ነበር፣ በተለይ እዛ ብዙ አመት የኖሩት። የኔዋ ቀበሮና ከበሮ ማለት ነው! «ለምዶታል» የሚሉሽን ነገር እንግዲህ በዚህ አይን እይው።

እንቅልፍ ላይ ደሞ፣ ልጅሽ ሳይነቃ ማደሩ አያጽናናሽ። ሳይነቃም መኪና ሲያልፍ የልብ ምቱ ከፍ ሊል፣ ከከባዱ እንቅልፍ ወደ ቀላሉ ሊመለስ ይችላል፣ ጠዋት ነጭናጫ ሆኖ ሲነሳ ምክንያቱን አናውቀውም። የአለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ የመንገድ ጫጫታ ሌሊት ከቤት ውጪ ሲለካ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል (የድምጽ መጠን መለኪያ ነው) በታች ይሁን ይላል። ዴሲቤል ደሞ እንደ ኪሎ አትቁጠሪው፣ 10 ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ ያህል ነው የሚሰማው። የደም ግፊትም ያመጣል ሲሉ ትሰሚ ይሆናል፣ ልጆች ላይ ጥናቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ እሱን ይዘሽ እንቅልፍ አትጪ።

እኔን ያሳረፈኝ ጉዳቱ የሚመለስ መሆኑ ነው። እዛው ኒውዮርክ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ጎኑ ባቡር ያልፍ ነበር፣ በ1975 በወጣው ጥናት በባቡሩ በኩል ያሉት የስድስተኛ ክፍል ልጆች ንባብ ላይ ከሌላው ጎን ልጆች አንድ አመት ያህል ወደኋላ ቀርተው ነበር። ከዛ ሀዲዱ ላይ ጎማ ተደረገ፣ የክፍሎቹ ጣራ ላይ ድምጽ የሚውጥ ነገር ተለጠፈ፣ እንደገና ሲለኩ ልዩነቱ የለም። ጀርመን ሙኒክም በ1992 ኤርፖርቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር አሮጌው አጠገብ ያሉት ልጆች ትውስታና ንባባቸው ተሻሻለ፣ አዲሱ አጠገብ ያሉት ደሞ ወረደ። ስለዚ ት/ቤቱንም እይ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ከሆነ ከመስኮት ራቅ ብሎ መምህሯ አጠገብ እንዲቀመጥ ጠይቂ።

እኛ ምን አረግን? ቲቪውን ዘጋን፣ በቃ፣ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዛ በስተጓሮ እቃ የምናጭቅበት ጠባብ ክፍል ነበር እሱን ለቅልቀን መኝታዋ አደረግነው፣ ሳሎኑ ወደ መንገድ ይሁን ምን ቸገረኝ። የመጀመሪያው ማታ «እማዬ ምንድነው የሚጮኸው» ብላ መጣች፣ ሄጄ ባይ የግድግዳ ሰአት ነው። መስኮቱ ዳርና በሩ ስር ያለውን ክፍተት በጎማ ዘጋነው፣ አየር የሚገባበት ሁሉ ድምጽ ይገባበታል። ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ክፍሉ እንዳያስተጋባ ይረዳል እንጂ የመኪናውን ድምጽ አያስቆምም፣ የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደሞ ጊዜሽን አትፍጂ፣ እኔ ፈጅቼዋለሁ። ህጻን ለማስተኛት የሚሸጡት ሽሽሽ የሚሉት ማሽኖችም ራስጌው ላይ አይሁኑ፣ በ2014 በወጣ ጥናት 14 ማሽን ተለክቶ ሶስቱ ድምጻቸው እስከ መጨረሻ ከፍ ሲል ከ85 ዴሲቤል በላይ ነበሩ። ከተጠቀምሽ ሁለት ሜትር አርቀሽ ዝቅ አርገሽ፣ ሲተኛ አጥፊው። አዎ ደሞ ከሩቅ አልጣራም፣ አጠገቧ ሄጄ አይን ለአይን እያየኋት ነው የማወራት።

በስድስት ወር ውስጥ ልጄ በመጀመሪያው ጥሪ መዞር ጀመረች፣ ጠዋት የነበረው ለቅሶም ቀነሰ። ሁሉም በጸጥታው ነው ብዬ አልምልልሽም፣ እድሜዋም ጨምሯል።

ስለዚ ቤት ለመቀየር አትሩጪ፣ መጀመሪያ ክፍል ቀይሪ። ግን ስትጠሪው የማይዞር ከሆነ ወይ ቃላት የሚምታቱበት ከሆነ እኔ እንዳረግኩት አትቆጪው፣ ቶሎ ጆሮውን አስመርምሪ፣ በጫጫታ እያመካኘን ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ እድሜ ብዙ ልጆች ላይ አለ። አንድ ነገር ሳትጽፊ ቀረሽ፣ መኝታው ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ? ትርፍ ክፍል ከሌላችሁ አልጋውን የት ጋ ብታዞሪው እንደሚሻል እናስብበት፣ ጻፊልኝ።