ሠ እና ሰ የእኛ ካፒታልና ስሞል ናቸው?

ጥያቄ፦ ኮድ መጻፍ እየተማርኩ ነው። የላቲኑ ካፒታልና ስሞል ሌተር ከተቀያየረ ፕሮግራሙ አይሠራም። አማርኛ ካፒታል የለውም፤ ታዲያ ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ እንደዚያ ሊቆጠሩ ይችላሉ?

መልስ፦ አይችሉም። ካፒታልና ስሞል የአንድ ፊደል ሁለት መልክ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም ጥንድነታቸውን ያውቃል፣ «ሁሉንም ወደ ትንሹ ቀይር» ሲባል ይቀይራል። ሠ እና ሰ ግን ሁለት ፊደላት ናቸው። በግዕዝ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች፣ «ሰረቀ» ሌባው ወሰደ ነው። አማርኛ ድምፃቸውን አንድ ቢያደርገውም፣ ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ዩኒኮድ ሠን U+1220፣ ሰን U+1230 ላይ ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ሥራ = 5» ብለው ከታች «ስራ»ን ቢጠሩ፣ እንዲህ የሚባል ስም የለም ይልዎታል።

የፍለጋ ፕሮግራም ከሠሩ ማዛመዱ የእርስዎ ሥራ ነው፦ ሠን ወደ ሰ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ከነሰባቱ ሆሄያቸው 35 ምትክ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ዓመት» ብሎ ሲፈልግ «አመት»ን ያጣል፤ ምክንያቱም ዓ ወደ ኣ እንጂ ወደ አ አልመጣም። ኣን ወደ አ፣ ሃን ወደ ሀ ይጨምሩ፤ 37። ምትኩን ለማነጻጸሪያው ቅጂ ብቻ ያድርጉት። ዋናው ጽሑፍ ከተነካ «ኃይሉ» በገዛ መዝገቡ «ሀይሉ» ሆኖ ይቀራል።

ጎ (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነገሩ ይብሳል። እዚያ በካፒታል የጀመረ ስም ብቻ ነው ከሌላ ፓኬጅ (የኮድ ጥቅል) የሚታየው። የግዕዝ ፊደል ካፒታል ስለማይባል፣ «ድምር» ያሉት ፈንክሽን ፊቱ ላይ አንድ የላቲን ካፒታል ካልለጠፉለት ከፓኬጁ አይወጣም።

ሰው ለሰው ሲጽፍ ደግሞ ካፒታል ይጎድለናል የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። «ተስፋ አለ» የሚለውን ይዩ። «ለ» ከጠበቀ ተስፋ መኖሩ ነው፤ ከላላ ተስፋ የተባለው ሰው ተናገረ ነው። ቃሉ የዓረፍተ ነገር መነሻ ስለሆነ ካፒታል ቢኖረንም በሁለቱም በካፒታል ይጻፍ ነበር። «አቶ» መጨመርም አያድንም፤ «አቶ ተስፋ አሉ» ቢሮ መኖራቸውም ሊሆን ይችላል። «ተስፋ እንዲህ አለ» ብለው ይጻፉ።