ጥያቄና መልስ፦ «ኤጀንሲው ገንዘቡን በላው» እና ሌሎች የአሜሪካ ስደተኞች ጥያቄዎች

የአንድ አጎት የወንድም ልጅ ከኬንያው የካኩማ የስደተኞች ካምፕ ቨርጂኒያ ገብቶ እጁ ላይ የደረሰው ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ነው። «መንግሥት የሰጠውን ኤጀንሲው በላው» ብለው አጎት ተቆጥተዋል።

ስደተኛን ተቀብሎ ለሚያቋቁም ኤጀንሲ መንግሥት የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ለስደተኛው በቼክ አይታደልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የበጀት ዓመት የተመደበው ለአንድ ሰው 2,275 ዶላር ነበር፤ 1,050ው ለኤጀንሲው ሥራ፣ 1,225ቱ ለስደተኛው። ከዚህም እስከ 200 ዶላር ለባሰበት ሌላ ስደተኛ ማዞር ይፈቀዳል። የቀረው ለቤት ዲፖዚት፣ ለኪራይ፣ ለፍራሽና ለድስት ያልቃል፤ የቨርጂኒያዋን የአርሊንግተንን ኪራይ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ጥርጣሬ ካለ ልጁ ራሱ ሄዶ የወጪ ዝርዝሩንና የፈረመባቸውን ደረሰኞች ይጠይቅ። አጎት ደውሎ ስለጮኸ ፋይል አይከፈትም።

«ወደ አሜሪካ የመጣሁበትን የአውሮፕላን ብድር ባልከፍልስ?»

ፈርመውበታል፣ ይከፈላል። ወለድ የለውም፤ ክፍያው የሚጀምረው ከገቡ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ዝም ካሉ ክሬዲትዎ፣ ማለትም የብድር ታሪክዎ ይበላሻል፤ ሥራ ካጡ ደውለው ወርሃዊው እንዲቀነስ ይጠይቁ።

አንዲት እህት ጥገኝነት ተፈቅዶላት ደብዳቤው የድሮ አድራሻዋ ሄዶ ቆየ። እጇ የገባው ከሦስት ወር በኋላ ነው። «ሪፊውጂ ካሽ አሲስታንስ» የሚሉት የስደተኞች የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው እጄ ከገባበት ቀን ይቆጠርልኛል ወይ ትላለች።

አይቆጠርም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ሰው መብቱን የሚያጣው ተከልክሎ ሳይሆን ቀኑ ሳያውቀው እየሄደበት ነው። የሚቆጠረው ጥገኝነቱ ከተፈቀደበት ቀን ጀምሮ ነው። ድጋፉ ቀድሞ 12 ወር ነበር፤ ከሜይ 5 ቀን 2025 ወዲህ መብቱን ላገኙ ግን 4 ወር ብቻ ሆኗል፤ የሕክምና ድጋፉም እንደዚያው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ወዲህ ከተፈቀደልሽ የቀረሽ አንድ ወር ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ እስኪመጣ አትጠብቂ። የፈቃዱን ደብዳቤና መታወቂያሽን ይዘሽ ነገውኑ የካውንቲው ሶሻል ሰርቪስ ወይም በአቅራቢያሽ ያለ የስደተኞች ኤጀንሲ ሂጂ፤ የትኛው እንደሚሰጥ እንደ ስቴቱ ይለያያል። መስኮት ላይ «ለአንቺ አይሆንም» ካሉሽ «ሪፊውጂ ካሽ አሲስታንስ» ብለሽ በስሙ ጥሪው፤ ከከለከሉሽም እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበይ። ያለ ወረቀት ይግባኝ የለም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለሽ መጀመሪያ የሚታየው የቤተሰብ ድጋፉ፣ ታንፍ የሚሉት ነው። የፈቀደልሽ ዳኛ ከሆነና መንግሥት የይግባኝ መብቱን ካስጠበቀ ቀኑ ሊለወጥ ስለሚችል ጠበቃሽን ጠይቂ። ቤት ስትቀይሪ ደግሞ አድራሻሽን አስመዝግቢ!

«ስደተኛ ሆኜ ፉድ ስታምፕ፣ የምግብ መግዣ ድጋፉ፣ ለምን ተቋረጠብኝ?»

በጁላይ 4 ቀን 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ያልያዙ ስደተኞችን ስላስወጣ ነው። ግሪን ካርድ ሲይዙ ይመለሳል፤ አምስት ዓመት መጠበቅ የለብዎትም። በስደተኝነት ከገቡ አንድ ዓመት ሲሞላዎት ለግሪን ካርዱ ማመልከት ይችላሉ፣ የማመልከቻ ክፍያም የለውም። ካምፕ ውስጥ ከተናገሩት የቤተሰብ ዝርዝር የሚለይ ነገር ካለ ግን ያለ ጠበቃ ፎርም አይንኩ።

«ይህን እርዳታ መውሰዴ ግሪን ካርድ ያስከለክለኛል?»

አያስከለክልም።

የመጨረሻው፦ ናይሮቢ ያለ ደላላ አንድ ጠያቂያችንን የወንድሙን ስም ወደ አሜሪካ በሚሄዱ ስደተኞች «ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት» ገንዘብ ጠይቆታል።

አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። አሜሪካ ስደተኞችን ከውጭ የምትቀበልበት ፕሮግራም ከጃንዋሪ 27 ቀን 2025 ጀምሮ ታግዷል፤ ለ2026 የበጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ የተፈቀደውም 7,500 ሰው ብቻ ነበር፣ አብዛኛውም ለደቡብ አፍሪካ ነጮች። የተመድ የስደተኞች ኮሚሽን አገልግሎት ደግሞ በነጻ ነው። አንተ ራስህ ጥገኝነት ካገኘህ ሁለት ዓመት ካልሞላህ ለባለቤትህና 21 ዓመት ላልሞላቸው ያላገቡ ልጆችህ ማመልከት ትችላለህ፤ ለወንድም ግን በዚህ መንገድ አይሆንም።