ከቀለሙ በፊት ግድግዳው

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በተከራየሁት አንድ ክፍል ውስጥ ቡናና ቁርስ እሸጣለሁ። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ በአንጸባራቂ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ በጀርባው ግድግዳ ግርጌ ያለው ቀለም እየተላጠ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ ያየሁትን፣ ደመና የመሰለ የኖራ ቅብ ለማሠራት አስቤአለሁ። ቤቱን ከሦስት ቀን በላይ መዝጋት አልችልም፤ ገንዘቤም ጥቂት ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የመረጡት ቅብ በእርግጥ ያምራል፤ ነገር ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ያሳሰበኝ የሚላጠው ቀለም ነው። በግድግዳ ግርጌ ቀለም የሚላጠው ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ውሃ ስለያዘ ነውና፣ ይህ ሳይጣራ የሚደረግ ጌጥ ሁሉ ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ይሆናል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ቆርጠው፣ ከሚላጠው ቦታ ላይ አራቱንም ጠርዝ በማጣበቂያ ፕላስተር አሽገው ለሁለት ቀን ይተዉት። የውሃ ጠብታ ላስቲኩ ግድግዳውን በሚነካበት ፊት ላይ ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ወደ ክፍሉ በሚያየው ፊት ላይ ከሆነ ግን የቡና ማሽኑና የማብሰያው እንፋሎት ስለሆነ፣ የአየር ማስወጫ ማሠራት ይሻላል። ከግድግዳው ከሆነ አከራይዎን ጠርተው የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተሰበረ አሸንዳ ወይም ከደጅ በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ የተከመረ አፈር መኖሩን አብራችሁ ተመልከቱ። ይህ ሳይጠገን ለቀለም አንድ ብር እንዳያወጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ወደ ኖራው ስንመጣ፣ ኖራ የሚጠነክረው ውሃ በሚመጥ ገጽ ላይ ሰርጎ፣ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው። የዘይት ቀለም ውሃ ስለማያስገባ ኖራው በላዩ ላይ ሥር ሳይዝ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ቢይዝ እንኳ ለእርስዎ ቤት አልመርጠውም፤ በአንድ ዘመዴ ቡና ቤት ከረከቦቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በኖራ አስቀብተን፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የቡና ቁሌቱና የዕጣኑ ጢስ ከጀበናዋ ቁመት ጀምሮ ወደ ላይ አጥቁሮት፣ በእርጥብ ጨርቅ ስናብሰው ጢሱ ሳይሆን ኖራው ተነሥቶ አዝነናል።

ያንኑ የደመና መልክ ሊታጠብ በሚችል የፕላስቲክ ቀለም ማግኘት ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ቅባቱን በሳሙና አጥበው፣ የዘይት ቀለሙ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ በውሃ የማይበላሽ የብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ያሹት፤ የተላጠውን በስቱኮ ደፍነው ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባውን) ይቀቡ። እያረጠቡ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ ማዕድን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የተደነገገው በ2018 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም በደረቁ ቢፋቅ አቧራው በተለይ ለሕፃናት መርዝ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ቀን ፈዛዛውን የመደብ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ። በሦስተኛው ቀን ከመደቡ በጥቂቱ ብቻ የጠቆረ ቀለም በውሃ አቅጥነው፣ አንድ ሰው በሮለር ሲያስቀድም ሌላው ሳይደርቅበት በእርጥብ ስፖንጅ እየተከተለ ይነካካው። ጠርዙ ከደረቀ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ስለሚታይ፣ አንዱን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ሳያቋርጡ መጨረስ ያስፈልጋል።

ሦስቱን ግድግዳ በመደቡ ብቻ ትተው፣ ደመናውን ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ላይ ብቻ እንዲያሠሩ እመክራለሁ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 11.2 ካሬ ሜትር ነው፤ 1 ሊትር ቀለም እንደየዓይነቱ ከ8 እስከ 12 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለላይኛው ቅብ ከ2 ሊትር በላይ አይገዙም። ቀቢው መጀመሪያ በካርቶን ላይ ሠርቶ ያሳይዎት፤ ካርቶኑንም ጠዋትና ማታ፣ መብራት በርቶ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ በደሴ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። በመስተዋቶቹ ዙሪያ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ማስቀባት እፈልጋለሁ፤ ቀቢው ግን ቀለሙ ከቅርጽ ማውጫው ሥር ይሰርጋል ብሎ አስፈራራኝ።

መልስ፦ የሚሰርገው ብሩሹ ቀለም ሲጠግብ ነው። ጥለቱን ባረጀ የራጅ ፊልም ላይ በስለት አስቀርጸው ፊልሙን ግድግዳው ላይ ያስለጥፉ፤ ብሩሹ በቀለም ከተነከረ በኋላ ደረቅ እስኪመስል ድረስ በጨርቅ ይጠረግና፣ ሳይጎተት ቀጥ ብሎ ይምታ። ከመስተዋቱ መካከል ጀምሮ ወደ ግራና ቀኝ ቢሄድ፣ የጥለቱ ቁራጭ በአንድ ጥግ ብቻ አይቀርም።