ዶልፊን ውስጥ እያደሩ ሐይቅ ሐይቁን መሄድ ይቻላል ወይ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ የሚነዳውን ዶልፊን ሚኒባስ ወንበሩን አንስታችሁ፣ አልጋ አስገብታችሁ፣ ፈረንጆቹ ካምፐር ቫን እንደሚሉት አርጋችሁ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከባቱ እስከ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር እያደራችሁ መሄድ አስባችኋል፣ ይቻላል ወይ ምንስ ያስፈልጋል ነው ያልሽው። ይቻላል። ባሕር ባይኖረን ሐይቅማ ሞልቶናል፣ እኔም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ መንገዱ ከደጃችን ነው የሚጀምረው፣ ከቤተሰብ ጋር መኪና ውስጥ ማደርም እኛ ቤት የተለመደ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍልሽ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሺኝ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ አልጋው ነው። ካቢኔት፣ የእቃ ማጠቢያ፣ ጣሪያ መቅደድ ምናምን። እኔ ግን የምልሽ ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ የት ቆማችሁ የሚለው ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የምታድሩበት ግቢ ገብታችሁ ሞተር ካጠፋችሁ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል፣ ልጆቹ በብርሃን ይጫወታሉ፣ እራት በብርሃን ይበስላል፣ ቦታው ካልተመቻችሁም ወደ ሌላ ለመሄድ ጊዜ አላችሁ። 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከመቂ በታች ያለው መንገድ ሌላ መንገድ ነው፣ ከብቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ የአህያ ጋሪው መብራት የለውም፣ ባጃጁም አንዳንዱ መብራት የለውም፣ ከሻሸመኔ የሚመጣው አይሱዙ ደግሞ ረጅም መብራቱን አይቀንስልሽም። ስለዚ እቅድ ስታወጡ በኪሎ ሜትር አታውጡ፣ በ10 ሰዓት የት እንሆናለን ብላችሁ አውጡ። ሜዳ ላይ ወይ መንገድ ዳር አቁሞ ማደር የሚባለውን ከነጭራሹ እርሱት። ሎጅ ወይ ሆቴል ግቢ ገብታችሁ መኪና ውስጥ ነው የምናድረው፣ የግቢና የሽንት ቤት እንክፈል ብላችሁ ስትጠይቁ እሺ የሚል አይጠፋም፣ ላንጋኖ ላይማ ድንኳን የሚያስተክሉ ስላሉ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ዘበኛውን ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ ማታ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

አልጋውን በተመለከተ፣ መኪናው ሥራ የሚሠራ ከሆነ ምንም ነገር እንዳትበይዱበት። ወንበር ነቅላችሁ በቋሚነት ሌላ ነገር ከገጠማችሁ ሊብሬው ላይ ካለው የሰው ልክ ጋር አይገጥምም፣ ትራፊክም ቦሎ ላይም ጥያቄ ይመጣል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እኛ የምናደርገው በቱቦላሬ እግሩ የሚታጠፍ ፍሬም አሠርተን፣ ላዩ ላይ ለሁለት የተከፈለ ኮምፔንሳቶ፣ ከዛ ስፖንጅ ፍራሽ ነው፣ በቃ። ከሥሩ ጀሪካኑ፣ የልብስ ሻንጣው፣ ክሪኩ ይገባል። ስኮርታው ግን ለብቻው በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ይሁን፣ ጎማ ሲፈነዳ አልጋ ማፍረስ የለባችሁም። ፖርቶመጋላ ላይ ከባድ ነገር አትጫኑ፣ ዶልፊን ቁመቱ ራሱ ይበቃዋል፣ የሐይቅ ዳር ነፋስ ደግሞ ከጎን ሲመጣ መኪናውን ይገፋል።

አየሩን ግን በጣም አስቡበት። አራት ሰው መስኮት ዘግቶ ካደረ ጠዋት መስታወቱ በሙሉ ላብ ነው፣ ከጣሪያው ላሜራ እየተንጠባጠበ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል፣ ልጆችም ያስላቸዋል። መፍትሔው በግራና በቀኝ አንድ አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ከፍቶ ማደር ነው፣ ለዛ ደግሞ አጎበር ቆርጣችሁ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ማግኔት አሰፍታችሁ በውጭ በኩል በሩ ላይ መለጠፍ፣ ላሜራው ጥርቅም አርጎ ይይዘዋል። አጎበሩ የቅንጦት አይደለም፣ ባቱም ላንጋኖም ሀዋሳም ከ2,000 ሜትር በታች ናቸው፣ ወባ አለ፣ እኛ እዚ ላይ ሆነን ስለማናውቀው እንዘነጋዋለን። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። ከጉዞ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ልጅ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ወዲያው ደም አስመርምሩ፣ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

እና አንድ ነገር እለምንሻለሁ፣ በረደን ብላችሁ ከሰል መኪና ውስጥ እንዳታስገቡ። ፍሙ ያለቀ የመሰለው ምድጃም ቢሆን፣ ለቡና ብቻ ነው ብትሉም። ጭሱ ቢጠፋም የማይሸት የማይታይ ጋዝ ያወጣል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚሞተው፣ በየዓመቱ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ እንኳን ስንት ቤተሰብ የሚያልቅበት ነገር ነው። ቡናውን ውጪ አፍሉ፣ ትንሿን ሲሊንደርም ውጪ ተጠቀሙ፣ ማታ ደግሞ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከቱሉ ዲምቱ የፍጥነት መንገዱን ትይዣለሽ፣ ስትገቡ የሚሰጣችሁን ካርድ እንዳትጥሉት፣ የምትከፍሉት ስትወጡ ነው። ሞጆ ጋ ተገንጥላችሁ ወደ ባቱ የሚወስደውን አዲሱን የፍጥነት መንገድ ትይዛላችሁ፣ ድሮ በከባድ መኪና ተጨናንቆ የሚያደክመው ያ የሞጆ መቂ መንገድ አሁን በጣም ቀሏል። ከባቱ በኋላ ግን ወደ ተለመደው መንገድ ስለምትገቡ ባለቤትሽ ፍጥነቱን እዛው ይቀንስ፣ ሰው ከፍጥነት መንገድ ሲወጣ እግሩ ቶሎ አይለምድም። ናፍጣ ደግሞ ሰልፉ ሳይታወቅ ስለሚመጣ ግማሽ ሲሆን ቅዱ፣ ቴሌብር ላይም ብር ይኑራችሁ።

ባቱ ላይ ሐይቁን እዩ፣ ወፉን እዩ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አሣ አጥማጆቹ እግር ስር ሲንጎራደድ ለልጆች ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ውሃው ውስጥ አታስገቧቸው፣ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ለመጋጥ ከውሃ ወጥቶ ይሄዳል፣ መኪናችሁን ከውሃው ጠርዝ አርቃችሁ አቁሙ፣ ልጅ ማታ ሽንቴን ሲል ብቻውን አይውረድ። መዋኘቱ ላንጋኖ ይሁን። ውሃው ቡና በወተት ስለሚመስል ሰው ቆሻሻ ይመስለዋል፣ ደቃቅ አፈር ተንሳፍፎበት ነው እንጂ እስካሁን ሁሉም ሰው ሳይፈራ የሚዋኝበት ሐይቅ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ነው፣ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበል አለው፣ ስለዚ ትንንሾቹን ከ6 ሰዓት በፊት አዋኙ። እኔ ሁለት ሌሊት አንድ ቦታ ማደርን የምመርጠው እዛ ነው፣ በየቀኑ እያሸጉ መሄድ ልጆችን ያስለቅሳል።

አሁን ጠንቀቅ የምትሉበት ቦታ አብያታ ነው። የአብያታ ሻላ ፓርክ ውስጥ ስትገቡ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ታያላችሁ፣ ፍላሚንጎ ካለም ከሩቅ ሮዝ ሆኖ ይታያል፣ ሐይቁ ደግሞ ከዓመት ዓመት ስለሸሸ ከመኪና መንገዱ እስከ ውሃው ድረስ ሰፊ ነጭ ሜዳ አለ። ሜዳው ደረቅ ይመስላል፣ ላዩ ላይ የጨው ቅርፊት አለ፣ ሲረግጡት ቀሽ ቀሽ ይላል፣ ትንሽ ሄድ ሲሉ ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው። ዶልፊን የኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው፣ ከነልጆቹ ከነጀሪካኑ ከነአልጋው እዛ ከገባ በሰው ግፊት አይወጣም፣ ትራክተር ፍለጋ ነው። የሌላ መኪና ጎማ ዱካ አየን ብላችሁም አትከተሉ፣ ያ ሰው ገብቶ እንዴት እንደወጣ አታውቁም። ጠንካራው መሬት ላይ አቁሙና የፓርኩን አስጎብኚ ይዛችሁ በእግር ሂዱ። ሻላ ጋ ደግሞ ፍል ውሃ አለ፣ ዳር ላይ እንፋሎቱ ሲወጣ ያምራል ግን ያቃጥላል፣ የልጆቹን እጅ ያዙ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው ይባላል፣ ከአብያታ ጋር ጎን ለጎን ሆነው አንዱ እንዲህ ጥልቅ አንዱ እንዲህ የሚሸሽ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል፣ የአብያታ መድረቅ ደግሞ ከልቤ ያሳዝነኛል፣ የሚገባለት የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ላይ ላይ ለመስኖ እየተወሰደ ነው የደረቀው፣ ከሐይቁ ሶዳ አሽ የሚባለውን ጨው የማውጣት ሥራም ተጨምሮበት። ልጆቹ አሁን እያለ ይዩት።

ሀዋሳ ላይ መኪና ውስጥ ማደር ግዴታ አይደለም፣ ሰውነት ሙቅ ውሃ ይፈልጋል፣ አንድ ሌሊት ርካሽ አልጋ ያዙ። ጠዋት ማልዳችሁ አሞራ ገደል የሚባለው የአሣ ገበያ ሂዱ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው መረብ ሲፈቱ፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሣ በቢላ በሁለት እጅ ምት ልጠው ሲሰጡሽ ታያለሽ። የአሣ ሾርባው ይጠጣ፣ ጥሬውን ግን ለልጆች አትስጡ። ወደ አርባ ምንጭ እንቀጥል ካላችሁ ጫሞና አባያ ላይ አዞ አለ፣ እዛ ሐይቅ ዳር ማደር የሚባል ነገር የለም።

ሽንት ቤት ላልሽው፣ ክዳን ያለው ባልዲና ጥቁር ፌስታል ለሌሊት በቂ ነው፣ ጠዋት በግቢው ሽንት ቤት ይደፋል፣ ሐይቅ ዳር አይጣልም። ለመጠጥ ውሃ ከቤት ሁለት ጀሪካን ሙሉ፣ እዛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የልጆች ጥርስ የሚያበላሸው እሱ ነው፣ ለጥቂት ቀን ባይጎዳም ከቤት የያዛችሁትን ብትጠጡ ይሻላል።

ወሩን ከጠየቅሽኝ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፣ ዝናብ የለም፣ ወባው ይቀንሳል፣ ከአውሮፓ የሚመጣው ወፍም አለ። ገናና ጥምቀትን ብቻ ዝለሉ፣ ላንጋኖ ቦታ አይገኝም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን ደግሞ ባለቤትሽ ቃሊቲ መናኸሪያ ጎራ ይበልና ከሀዋሳ መስመር የገቡ ሹፌሮችን መንገዱ እንዴት ዋለ ብሎ ይጠይቅ፣ ጸጥታውንም የመንገዱንም ሁኔታ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ አትሂዱ ካሉ ቀኑን ቀይሩት።