የሲሊከኑ መስመር ለምን ቦታውን ለቀቀ?

ጥያቄ፦ የአንድ ታይፕ ዋን-ኤ ሱፐርኖቫ (የነጭ ድንክ ኮከብ ፍንዳታ) የስፔክትረም ዳታ፣ ማለትም ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ፣ አግኝቼ የሲሊከኑን ሸለቆ (ሲሊከን ብርሃን የመጠጠበትን ዝቅታ) ስለካው 621.2 ናኖሜትር ላይ ነው። ሲሊከኑ ባይንቀሳቀስ የሚታይበት መነሻው 635.5 ስለሆነ የሞገድ ለውጥን ወደ ፍጥነት በሚቀይረው የዶፕለር ቀመር ሳሰላ በሰከንድ 6,750 ኪሎ ሜትር ያህል መጣልኝ። ከዳታው ጋር ያለው መግለጫ ግን 9,700 ገደማ ይላል። የጋላክሲው ሬድሺፍት (ብርሃኑ ወደ ቀይ የተሳበበት መጠን) 0.01 ነው ተብሏል፤ ምን እንደማደርግበት ስላላወቅሁ ተውኩት። ከሸለቆው አጠገብ ያለው ጉብታስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ችግሩ ያለው በተዉት ቁጥር ላይ ነው። ኮከቡ የፈነዳበት ጋላክሲ ራሱ ከእኛ ስለሚርቅ መስመሮቹን በሙሉ ወደ ቀይ ስቧቸዋል። መጀመሪያ 621.2ን ለ1.01 ያካፍሉ፤ 615 ይሆናል። ከ635.5 ሲቀነስ 20.5 ይቀራል፤ ይህን ለ635.5 አካፍለው በብርሃን ፍጥነት (በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር) ሲያባዙት 9,700 ገደማ ያገኛሉ። ትንሽ የምትመስለው 0.01 በሰከንድ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ደብቃብዎት ነበር።

ሸለቆውና ጉብታው የአንድ መስመር ሁለት ገጽታ ናቸው። የተወረወረው ቁስ በየአቅጣጫው የሚሰፋ የጋዝ ኳስ ነው። በእኛና በብሩሁ እምብርት መካከል ያለው ጋዝ ወደ እኛ ስለሚገሰግስ ብርሃኑን ከመነሻው ባጠረ ሞገድ ላይ ይመጥጣል፤ ሸለቆውን የሚሠራው ይህ ነው። በዙሪያው ያለው ጋዝ ደግሞ ብርሃን በትኖ ወደ እኛ ይልካል፤ ጉብታው የመነሻውን ሞገድ ተንተርሶ ይቆማል። ስለዚህ ፍጥነት የሚለካው ከሸለቆው ወለል ነው። ልኬቱን ከቀናት በኋላ ቢደግሙት ፍጥነቱ ቀንሶ ያገኙታል፤ ቁሱ ስለዘገየ ሳይሆን የላዩ ጋዝ ሳስቶ ዝግ የሚለው የውስጡ ንብርብር ስለታየ ነው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። 589.0 እና 589.6 ላይ ቀጭን የሶዲየም መስመሮች ካዩ በመንገድ ላይ ያለ ጋዝ የሠራቸው ናቸው፤ የፍንዳታው መስመር በርካታ ናኖሜትር ይሰፋል። 686.9 እና 759.4 አካባቢ ያሉት ደግሞ የምድራችን አየር ኦክስጅን ናቸው። ሬድሺፍቱን ካረሙ በኋላ ቦታቸው ስለሚዛነፍ ቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው።

ጥያቄ፦ እምብርቱ ፈራርሶ ከፈነዳ ግዙፍ ኮከብ፣ ከፍንዳታው ወራት በኋላ የመጣው የኦክስጅን ጉብታ ለሁለት ተከፍሏል። ቁሱ በሁለት አቅጣጫ ተወርውሯል ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አይፍረዱ። ኦክስጅን እዚያ ላይ 630.0 እና 636.4 የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉት። የጫፎቹ ርቀት 6.4 ናኖሜትር ከሆነ ያዩት እነዚህን ጥንዶች ሊሆን ይችላል። ጫፎቹ ከ630.0 ግራና ቀኝ እኩል ከተቀመጡ ግን ቀለበት መሰል ወይም በሁለት ወገን የተገፋ ቁስ መጠርጠር ተገቢ ነው። ማረጋገጫው 457.1 ላይ ያለው የማግኒዚየም መስመር ነው፤ ጥንድ ስለሌለው እሱም በተመሳሳይ ፍጥነት ከተሰነጠቀ ክፍፍሉ የቁሱ ቅርጽ ነው።